ስኳር የለብኝም፣ ታዲያ ኢንሱሊን ሬዚስታንስ ከየት መጣ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ዳያሊሲስ ላይ ነኝ፣ ስኳር በሽታ የለብኝም፣ ጣፋጭም አላበዛም፣ ታዲያ ሐኪሙ ለምን ኢንሱሊን ሬዚስታንስ (ሰውነት ስኳርን ከደም ወደ ሴል ለሚያስገባው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ በደንብ አለመታዘዝ) አለብሽ አለኝ? ከደም ስሬ ጋርስ ምን አገናኘው?» ብለሻል። እኔም የኩላሊት እጥበት (ዳያሊሲስ) ላይ ዓመታት ያለፉኝ ሰው ነኝ። ስኳር የለብኝም፣ ይሄው ነገር ግን እኔም ላይ አለ።

በመጀመሪያ ራስሽን አትውቀሺ። ጣፋጭ በልተሽ ያመጣሽው አይደለም። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ቆሻሻና አሲድ ይከማቻል፣ ቀስ ብሎ የሚቀጥል ብግነት አለ፣ ቫይታሚን ዲ ይቀንሳል፣ በዚያ ላይ ድካሙ ቁጭ ያደርገናል። ይሄ ሁሉ ተደማምሮ ጡንቻችን ለኢንሱሊን አልታዘዝ ይላል። ቆሽት ለማካካስ አብዝቶ ያመርታል፤ ለዚህ ነው የጾም ስኳርሽ ደህና ሆኖ ችግሩ ሊኖር የሚችለው።

አሁን ወደ ደም ስሩ። ኢንሱሊን ስኳር ብቻ አይደለም ሥራው፣ የደም ስር ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲያመርትም ያደርጋል፣ እሱ ነው ደም ስሩን የሚያላላው። ይሄ ሲዳከም ደም ስሩ እንደ ልቡ መስፋት ያቅተዋል፣ እየደነደነም ይሄዳል። እኛ ላይ ደግሞ ፎስፈረስ ይጨመራል፤ ከምግብ የምናገኘው፣ የደከመ ኩላሊት ግን በደንብ የማያስወጣው ማዕድን ነው። ፎስፈረስ ሲበዛ የደም ስር ግድግዳ ላይ ያሉ ሴሎች የአጥንት ሴል ጠባይ ይይዙና ካልሲየም እዚያው ይከማቻል። እጥበት ላይ ካለን ሰዎች ብዙውን የሚገድለው የልብና የደም ስር ችግር ስለሆነ፣ ሐኪምሽ ማንሳቱ ደግ አደረገ።

ስለዚህ ፎስፈረስ የሚቀንስ ክኒን ከታዘዘልሽ ከምግብ ጋር ውሰጂው እንጂ ከበላሽ ቆይተሽ አይደለም፤ ሥራው ምግቡ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ አንጀት ላይ መያዝ ነው። የታሸገ ምግብ ስትገዢ ጀርባውን አንብቢ፣ «ፎስፌት» የሚል ካለ መልሰሽ አስቀምጪው። የተጨመረ ፎስፌት ከተፈጥሮው ይልቅ በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። የእጥበት ሰዓትሽንም አታሳጥሪ፣ ሰለቸኝ ብለሽም ቢሆን።

ለእኔ ትልቁን ለውጥ ያመጣልኝ ግን እንቅስቃሴ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ያለ ኢንሱሊንም ስኳር ይወስዳል። እጥበት በሌለኝ ቀን እራመዳለሁ፤ አንዳንድ ማዕከል ታካሚው እየታጠበ ተኝቶ የሚነዳው ፔዳል አለ፣ ካለ ጠይቂ፣ ወደ እጥበቱ መጨረሻ ግፊት መውረድ ስለሚመጣ ግን በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ልብሽን ሐኪም ሳያይልሽ አትጀምሪ።

የሦስት ወር የስኳር ምርመራ (ኤዋንሲ) ብቻውን አያጽናናሽ። የእኛ ቀይ የደም ሴል ዕድሜው አጭር ነው፣ የደም ማነስ መርፌም እንወጋለን፣ ስለዚህ ቁጥሩ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል።

ስኳር ያለባችሁና ይህን የምታነቡ ደግሞ ተጠንቀቁ። ኢንሱሊንን ከሰውነት ከሚያስወግዱት አንዱ ኩላሊት ስለሆነ፣ ሲወድቅ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ይቆያል፣ ስኳር ድንገት ሊወርድ ይችላል። መጠኑን ሳታማክሩ አትንኩ። በሆድ በኩል የምትታጠቡም፣ ፈሳሹ ራሱ ብዙ ጊዜ ግሉኮስ አለበትና ሐኪማችሁን ስለዚያ ጠይቁ።

ፊስቱላሽም (ለእጥበት ተብሎ እጅሽ ላይ በቀዶ ጥገና የተገናኘው ደም ስር) ደም ስር ነው። ጠዋት ጠዋት ጣትሽን አስቀምጠሽ ንዝረቱን አዳምጪ፣ በዚያ እጅ ግፊት አታስለኪ፣ ደምም አታስወስጂ፣ ንዝረቱ ከጠፋ በዚያው ሰዓት ወደ ማዕከልሽ ሂጂ። የሚቀጥለው ቀጠሮሽ ላይ ደግሞ የፎስፈረስ፣ የፓራታይሮይድ ሆርሞን (ካልሲየምንና ፎስፈረስን የሚቆጣጠር) እና የባይካርቦኔት (የደምን አሲድ የሚያሳይ) ውጤትሽን ጠይቂና እዚህ ጻፊልን፣ አብረን እናየዋለን።