ስለ ስብዕና ንድፈ ሐሳቦች ጠይቁኝ

ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ። የመጣላችሁን ጠይቁ፤ ሻዬን ይዤ ተቀምጫለሁ።

ጥያቄ፦ ስብዕና ጥሩ ጠባይ ማለት አይደለም እንዴ? «ስብዕና የሌለው» እንላለን እኮ።

መልስ፦ በሰፈር ቋንቋ ልክ ነህ። በሳይኮሎጂ ግን ሌባም ስብዕና አለው። አንዱን ሰው ከሌላው የሚለየው፣ ከዓመት ዓመትም ብዙ የማይለዋወጠው የሐሳቡ፣ የስሜቱና የአድራጎቱ መልክ ነው። ትርጉሙ ላይ ግን ስምምነት የለም። አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1937 ብቻ 50 ያህል ትርጉሞች ደርድሯል።

ጥያቄ፦ ጥሩውን ንድፈ ሐሳብ ከደካማው በምን ትለያላችሁ?

መልስ፦ እርስ በርሱ አይጋጭም ወይ? ብዙ ያብራራል ወይ? አልተንዛዛም ወይ? አዲስ ምርምር ይወልዳል? ለሕክምና ይረባል? ለእኔ ግን የሚቀድመው ሌላ ነው፦ ቢሳሳት ስሕተቱ ሊታወቅ ይችላል ወይ?

የሳይንስ ፈላስፋው ካርል ፖፐር ያነሳው ምሳሌ አለ። አንዱ ሰው ሕፃን ሊያሰጥም ውኃ ውስጥ ይገፈትራል። ሌላው ሕፃኑን ለማዳን ሕይወቱን ይሰጣል። የሰው አድራጎት ከበታችነት ስሜት ይነሳል ባለው በሐኪሙ በአልፍሬድ አድለር ሐሳብ የመጀመሪያው የበታችነት ስሜት ስላለበት ለወንጀል እንደሚደፍር ለራሱ ማሳየት ፈለገ። ሁለተኛውም የበታችነት ስሜት ስላለበት ለማዳን እንደሚደፍር ማሳየት ፈለገ። እሺ፣ ታዲያ ሰውየው ምን ቢያደርግ ነው አድለር ተሳሳተ የምንለው? ፖፐር የሥነ ልቦና ትንተናን የመሠረተውን ፍሮይድንም በዚሁ ከሷል።

ጥያቄ፦ እና ፍሮይድን እንጣለው?

መልስ፦ ኧረ ቀስ! ምርምር በመውለድ የሚስተካከለው ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ የሞላሁት መጠይቅ ቁጭ እኔን ነው የገለጸው። ማስረጃ አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም እህቴ። በርትራም ፎረር የተባለ መምህር እ.ኤ.አ. በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ መጠይቅ አስሞላ። ቆይቶ ለየአንዳንዳቸው ውጤት ሰጣቸውና «ከ5 ስንት ይገልጻችኋል?» አላቸው። አማካዩ 4.26 ሆነ። ጉዱ ምን መሰለሽ? የሁሉም ወረቀት አንድ ዓይነት ነበር። ዐረፍተ ነገሮቹን በብዛት የለቀመው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። ሰው እንዲወድህ ትፈልጋለህ ይላል። የማይፈልግ አለ?

ጥያቄ፦ አምስቱ ባሕርያት የሚባሉትስ?

መልስ፦ መነሻው ቀላል ነው፤ ለኑሯችን የሚጠቅም የጠባይ ልዩነት ካለ ቃል ይወጣለታል። ኦልፖርትና ኦድበርት እ.ኤ.አ. በ1936 ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ወደ 18,000 ቃላት ለቀሙ። በሌሎች እጅ ተጨምቆ ተጨምቆ አምስት ቀረ፦ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ጥንቁቅነት፣ ተግባቢነት፣ ገርነትና ቶሎ መረበሽ። ደግነቱ፣ ቢሳሳት ስሕተቱ ሊታወቅ ይችላል። ቦሊቪያ ውስጥ በጺማኔ ሕዝብ ዘንድ ሲሞከር አምስቱ እንደታሰበው አልወጡም። ድክመቱ? ተግባቢ መሆንህን ይነግርሃል፤ ለምን እንደሆንክ ግን ብዙም አይልህም።

ጥያቄ፦ ከአማርኛ ቢጀመር ኖሮስ?

መልስ፦ እኔንም የሚያጓጓኝ እሱ ነው። ሆደ ሰፊ፣ ነገረኛ፣ ቁጥብ፣ ሆደ ባሻ… ሆደ ባሻን የት ትከቱታላችሁ? እኔ ቶሎ መረበሽ ውስጥ ከትቼው ነበር። ባለቤቴ ግን «ሆድ የሚብሰው እኮ የሚወዱት ሰው ሲያስቀይም ነው» አለችኝ። እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም።