ሰሙ ደረሰ፣ ወርቁ መንገድ ላይ ቀረ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አምና ስልኬ ተሰርቆ ብዙ ነገር አጣሁ። አሁን ፓስወርዶቼን በአማርኛ ጽፌ፣ ስቴግሃይድ በሚባለው ፕሮግራም ጢስ ዓባይ የተነሳሁት ፎቶ ውስጥ ደበቅኋቸው። መጠባበቂያ እንዲሆነኝ ፎቶውን ባሕር ዳር ላለው ወንድሜ በስልክ አፕ ላክሁለት። ፎቶው ሲከፈት ደህና ነው። ጽሑፉን ላውጣ ሲል ግን «በዚህ ፓስወርድ ምንም ማውጣት አልተቻለም» ይለዋል። ፓስወርዱን አምስት ጊዜ ደውዬ ነግሬዋለሁ። እኔ ላፕቶፕ ላይ ያለው ይሠራል። ምን አጥፍቼ ነው?
ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺም ወንድምሽም ምንም አላጠፋችሁም። ጽሑፉ መንገድ ላይ ፈሷል።

አጎቴ ዋሸራ ቅኔ የተማረ ሰው ነበር። ክፉኛ የሚናደደው አንዱ ቅኔ ሰምቶ መጥቶ በራሱ አፍ ሲተርክለት ነው። «ሰሙን አመጣህልኝ፣ ወርቁን የት ጣልከው?» ይለዋል። ፎቶሽም የደረሰበት ይኸው ነው።

የጄፔግ ፎቶ እያንዳንዷን ነጥብ አይመዘግብም። ምስሉን ስምንት በስምንት ነጥብ በሆኑ ካሬዎች ይከፋፍልና ለየካሬው የተጠጋጉ ቁጥሮች ያስቀምጣል። ስቴግሃይድ ምስጢርሽን የሚያስገባው እነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ነው። በአብዛኛው ቁጥሮቹን እርስ በርስ ያለዋውጣል፤ ለዚህ ነው ዓይን ምንም የማያየው። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ደግሞ ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኪው ዳታ ለመቆጠብ ይጨምቁታል። ቁጥሮቹ እንደ አዲስ ይሰላሉ። ፏፏቴው ይታያል። አንቺም ትታያለሽ። ጽሑፉ ግን የለም። ፓስወርዱ ቢሳሳትም፣ ፎቶው ባዶ ቢሆንም የስቴግሃይድ መልስ አንድ ስለሆነ ወንድምሽ ሃምሳ ጊዜ ቢሞክር ልዩነቱን አያውቅም።

መላው ቀላል ነው። ፎቶውን «ፋይል» ወይም «ዶክዩመንት» ብለሽ ላኪው፤ እንደዚያ ሲሄድ ሳይነካ ይደርሳል። ከዚያ የፋይሉን መጠን በባይት ተነጋገሩ። ያንቺ 2,418,306 ከሆነ የሱም 2,418,306 መሆን አለበት። በአንድ ባይት እንኳ ከተለየ አንድ ነገር ነክቶታል ማለት ነው። ካልሆነም በፍላሽ ላኪው፤ ከማርቆስ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው መቼም አይጠፋም።

አሁን ደግሞ ወዳልጠየቅሽኝ ልግባ። ስቴግሃይድ ጽሑፉን ከመደበቁ በፊት ይጨምቀዋል፣ ይቆልፈዋልም። ደካማው ጎን ሰው የሚመርጠው ፓስወርድ ነው። ስቴግሲክ የሚባል ሌላ ፕሮግራም አለ። ሮክዩ በሚባለው ዝርዝር ያሉትን 14 ሚሊዮን ገደማ የተለመዱ ፓስወርዶች በሰከንዶች ሞክሮ ይጨርሳል። የልጅ ስምና የትውልድ ዓመት ለሱ ቁርስ ነው። አምስት ጊዜ በስልክ የተነገረ ፓስወርድማ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሆነሽ ካልነገርሽው እንኳን ደስ አለሽ። ለማንኛውም ቀይሪው።

በኔ የደረሰውን ልንገርሽ። አያቴ ፍኖተ ሰላም ገበያ ቆማ የተነሳችው አንድ ፎቶ ነበረኝ። ስቴግሃይድን የሞከርሁት በሱ ላይ ነው። ትዕዛዙ ላይ ከሰረዝ ሲኤፍ ቀጥሎ የፎቶውን ስም፣ ከሰረዝ ኢኤፍ ቀጥሎ የጽሑፉን ስም ጻፍሁ። ሰረዝ ኤስኤፍን ዘለልሁት። እሱ ነበር ለውጤቱ አዲስ ስም የሚሰጠው። ሲዘለል ፕሮግራሙ ዋናውን ፎቶ ራሱን ይለውጠዋል። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። አያቴ ያው አያቴ ናት፣ ግን እስከ ዛሬ «ሙከራ ሙከራ ሙከራ» የሚል ጽሑፍ ተሸክማለች።

ሌላው የቦታ ነገር ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩኒኮድ ፋይል ውስጥ ብዙ ጊዜ 3 ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው 1 ብቻ። መጨመቁ ትንሽ ያካክሰዋል እንጂ ረጅም ጽሑፍ ከሆነ ትንሽ ፎቶ አይበቃውም። ኢንፎ የሚለው ትዕዛዝ ፎቶው ስንት እንደሚይዝ ይነግርሻል። ስክሪንሾት አትሞክሪ፤ ብዙ ጊዜ ፒኤንጂ የሚባል ሌላ የምስል ፋይል ዓይነት ነው፣ ስቴግሃይድ ደግሞ ፒኤንጂ አይቀበልም።

ደግሞ ሽማግሌ ፕሮግራም ነው። የመጨረሻው እትም 0.5.1 የወጣው በፈረንጆቹ 2003 ነው። ለጨዋታና ለደብዳቤ እወደዋለሁ። ፓስወርድ ለማስቀመጥ ግን እኔ ብሆን ለዚሁ የተሠራውን ኪፓስ የሚባል ፕሮግራም እመርጣለሁ። አልተውም ካልሽ፣ ወንድምሽ አዲሱን ፋይል ከፍቶ የመጀመሪያውን መስመር እስኪያነብልሽ ድረስ ላፕቶፕሽ ላይ ያለውን እንዳትደመስሺ።