ፈተናው ነው የከበደው ወይስ ልጄ ነው የደከመው? የወላጆች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ታችኛው ክፍል ፈተና ናቸው። ብዙዎቹ ስለሚመሳሰሉ መልሱ ለሌሎቻችሁም ይሆናል ያልኳቸውን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ አራተኛ ክፍል ናት፣ ደብተሯን በየቀኑ ነው የማየው፣ የቤት ስራ አታሳልፍም። የሂሳብ ፈተና የተፈተነች ቀን ግን እያለቀሰች ነው የመጣችው፣ ወረቀቱን ሳየው እኔ ራሴ አንዳንዱን ጥያቄ ደጋግሜ አንብቤ ነው የገባኝ። ከክፍሉ ግማሽ ያመጣ ልጅ ጥቂት ነው አሉ። የወላጆች ግሩፕ ላይ ሁሉም ተናዷል፣ ሆን ብለው ነው የሚልም አለ። ትምህርት ቤት ልሄድ አስቤያለሁ ግን ሄጄ ምንድነው የምለው?
የአራተኛ ክፍል ተማሪ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ሂጂ፣ መሄድሽ ልክ ነው። ግን "ፈተናው ከበደ" ብቻ ብለሽ ከሄድሽ "ልጆቹ ስላላጠኑ ነው" ተብለሽ ትመለሺያለሽ። ከመሄድሽ በፊት ወረቀቱን ተረጋግተሽ ጥያቄ በጥያቄ እዪው፣ ምክንያቱም ልጅ የሚከብደው ጥያቄ ሁሉ አንድ አይነት አይደለም። የተማረውን ይዞ እንዲያስብ የሚያስገድደው አለ፣ ያልተማረውን የሚጠይቀው አለ፣ ደግሞ ሂሳቡ ቀላል ሆኖ አረፍተ ነገሩ የተጠላለፈ ስለሆነ ብቻ የማይገባው አለ።

ለመጀመሪያው አንድ ምሳሌ ላምጣልሽ። ሲንጋፖር ውስጥ ልጆች ስድስተኛ ክፍል ሲጨርሱ ፒኤስኤልኢ የሚባል አገር አቀፍ ፈተና ይፈተናሉ፣ እና በ2021 እ.ኤ.አ. የሂሳብ ፈተና ላይ የወጣ አንድ ጥያቄ ወላጆችን በጣም አነጋግሮ ነበር። ሄለንና አይቫን ያላቸው የሳንቲም ብዛት እኩል ነው፣ ሄለን 64 ባለ 20 ሳንቲም አላት የቀረው ባለ 50 ነው፣ አይቫን ደግሞ 104 ባለ 20 አለው የቀረው ባለ 50 ነው፣ ማን ብዙ ገንዘብ አለው፣ በስንትስ ይበልጣል ይላል። ልጁ ቶሎ የሚመጣለት "ባለ 50ው ስንት እንደሆነ አልተነገረኝም" የሚለው ነው፣ ግን አያስፈልገውም፣ ጠቅላላው እኩል ከሆነ አይቫን በ40 ባለ 20 ሲበልጣት እሷ ደግሞ በ40 ባለ 50 ትበልጠዋለች ማለት ነው፣ በእያንዳንዱ የ30 ሳንቲም ልዩነት አለ፣ 40 ጊዜ 30 ሲሆን 12 ዶላር ሄለን ትበልጣለች። ከመቀነስና ከማባዛት ያለፈ ነገር የለውም። እንዲህ አይነቱን ጥያቄ እኔ መጥፎ አልለውም፣ ግን ልጅ ክፍል ውስጥ እንደዚህ አይነት ነገር አንድም ቀን ሳይሞክር መጀመሪያ የሚያየው ፈተና ላይ ሰዓት እየሄደበት ከሆነ ይደነግጣል፣ ከደነገጠ ደግሞ የሚያውቀውንም ይረሳል። ስለዚህ መምህሯን "ይሄ ለምን ወጣ" ከምትያት "እንደዚህ አይነቱን ክፍል ውስጥ ሰርተውት ያውቃሉ ወይ" ብለሽ ጠይቂያት።

ሁለተኛው የምትጠይቂው፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ስንት ልጅ መለሰው የሚለውን ነው። ይሄ ወረቀት ሲታረም በቀላሉ የሚቆጠር ነገር ነው። ከ40 ልጅ አንዱን ጥያቄ 5 ብቻ ከመለሱት፣ በሌላው ሁሉ ጥሩ የሰሩት ልጆችም ከሳቱት፣ ችግሩ ወይ ጥያቄው ላይ ነው ወይ ትምህርቱ ላይ ነው፣ 35 ልጅ አንድ ላይ ሰነፈ ሊባል አይችልም። የትኛው ጥያቄ ከየትኛው ምዕራፍ እንደወጣም ታሳይሽ። መምህራን ፈተና ከማውጣታቸው በፊት ቴብል ኦፍ ስፔሲፊኬሽን የሚሉትን ሰንጠረዥ እንዲሰሩ ነው የሚሰለጥኑት፣ ለየትኛው ርዕስ ስንት ክፍለ ጊዜ ሰጠን፣ ስለዚህ ስንት ጥያቄ ይውጣለት፣ ስንቱ የማስታወስ ስንቱ የማሰብ ይሁን የሚለውን። ያ ከተሰራ መልሱ እዛው አለ፣ ካልተሰራ ደግሞ ለሚቀጥለው እንዲሰራ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ2023 እ.ኤ.አ. የ10 እና የ11 ዓመት ልጆች የተፈተኑት የንባብ ፈተና በጣም ከብዶ ልጆች አለቀሱ፣ መምህራንም ወላጅም ተቆጣ። ፈተናው ከ50 ነው የሚታረመው። በ2022 የሚጠበቀው ደረጃ ላይ ለመድረስ 29 ማምጣት ያስፈልግ ነበር፣ በ2023 ግን ወደ 24 ወረደ፣ ወረቀቱ ስለከበደ መቁረጫውም አብሮ ዝቅ አለ ማለት ነው። የልጆቹን ለቅሶ ባያስቀረውም ቢያንስ የወረቀቱ ክብደት ውጤታቸው ላይ አልተጫነም። መምህር ክፍል ውስጥ የሚያወጣው ፈተና ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይነት ማስተካከያ የለውም፣ ከበደም ቀለለም ማለፊያው ያው ከመቶ 50 ነው፣ ስለዚህ ወረቀት ሲከብድ ዕዳውን የሚከፍለው ልጁ ነው። ለዚህ ነው ፈተናው ከመጠን በላይ ከብዶ ከተገኘ ያ ጥያቄ ከውጤቱ ይውጣ ወይም በሌላ ምዘና ይካካስ ብላችሁ በግልፅ መጠየቅ ያለባችሁ። ከግሩፑ ሁለት ሦስት ወላጅ ሆናችሁ ሂዱ፣ ወረቀቱን ያዙ፣ የምትጠይቁባቸውን ቁጥሮች ቀድማችሁ አክብቡ። እባክሽ ደግሞ ልጅሽ ፊት መምህሯን አትስደቢ፣ ነገ ተመልሳ እሷው ክፍል ነው የምትገባው።

ጥያቄ፦ እኔ የወላጁ ሁሉ ምሬት አይገባኝም። ከባድ ፈተና ልጅ ያጠነክራል፣ እኛም እንደዛ ነው የተማርነው። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ሂሳብ 38 አመጣ፣ እኔ ግን አልደነገጥኩም፣ ይነሳሳል ብዬ ነው የማስበው። ተሳስቻለሁ?
አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ አለመደንገጥህ ለልጁ ጥሩ ነው። ይነሳሳል ያልከው ላይ ግን አልስማማም። የሁለተኛ ክፍል ልጅ "ፈተናው ከባድ ነበር" እና "እኔ አልችልም" የሚሉትን ገና አይለያቸውም፣ 38 ሲያይ የሚሰማው ሁለተኛው ነው፣ አልችልም ብሎ ያመነ ልጅ ደግሞ ደብተሩን ይሸሻል እንጂ አይነሳሳም። በፈተና ጥብቅነት የሚታወቁት አገሮች እንኳን በዚህ ዕድሜ ላይ ወደኋላ ብለዋል፣ ሲንጋፖር ከ2019 ጀምሮ ለአንደኛና ሁለተኛ ክፍል ውጤት የሚያዝበትን ፈተና አስቀርታለች፣ ቻይናም በ2021 ለነዚሁ ክፍሎች የፅሁፍ ፈተና ከልክላለች።

ከባድ ጥያቄ ያጠነክራል ያልከው እውነት የሚሆነው መሳሳት ምንም በማያስቀጣበት ቦታ ነው፣ ቤት ውስጥ ካንተ ጋር ሲሰራ፣ ክፍል ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ሲሞክር። አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ፣ የሳታቸውን ጥያቄዎች አንተ ጮክ ብለህ አንብብለትና በቃሉ ይመልስልህ። አብዛኛውን ከመለሰልህ ልጅህ ሂሳብ አይደለም ያቃተው፣ ማንበብ ነው፣ ያ ደግሞ መፍትሄው ሌላ ነው፣ አብራችሁ ማታ ማታ አንብቡ፣ ለመምህሩም ይሄን ንገረው። በቃልም ካልመለሰ የትኛው ላይ እንደሚቆም ታያለህ፣ መደመሩ ላይ ነው ወይስ አንድ ቤትና አስር ቤት መለየቱ ላይ፣ ከዛች ቦታ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄን የማሳድግ ነኝ። ፈተና ሲደርስ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ይላል፣ ውጤቱንም ይደብቀኛል። እያስመሰለ ይሆን?
አያት

መልስ፦ እናቴ፣ አያስመስልም ብለው ይነሱ። ጭንቀት ልጅ ላይ ብዙ ጊዜ በሆድ ህመም ነው የሚወጣው፣ ህመሙም እውነተኛ ነው። እረፍት ቀንም የሚያመው ከሆነ፣ ወይ ክብደት ከቀነሰ ሀኪም ይየው። ፈተና ሲደርስ ብቻ ከሆነ ግን ማታ ማስጠናቱን ያሳጥሩለት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት፣ እንቅልፉን ቆርጦ ያጠናው ጠዋት አይገኝም። ሲመለስ "ስንት አመጣህ" አይበሉት፣ ይብላ፣ ይጫወት፣ ከዛ ወረቀቱን ሲያመጣ ከመለሳቸው ይጀምሩ፣ "ይሄን እንዴት ሰራኸው" ብለው ያስረዳዎት። ለመምህሩም ሆዱን እንደሚያመው ይንገሩት፣ ጥያቄዎቹን ከሚችለው እንዲጀምርና ያቃተውን ዘሎ እንዲመለስበት ክፍል ውስጥ ቢያለማምደው ብዙ ይቀልለታል።