አንኮበርን በአንድ ቀን?

ጥያቄ፦ የአዳማ ነዋሪ ነኝ። አዲስ አበባ ስሄድ እናቴን አንኮበር ላሳያት አስቤያለሁ። በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ሳይነጋ ይውጡ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ 40 ያህል ይቀራል። አንኮበር ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት የነገሡባት ከተማ ናት። የቤተ መንግሥቱ ቦታ ኮረብታው አናት ላይ ነው። መጨረሻው በእግር ነው፤ ዳገቱ ደግሞ ቀልድ አይደለም! እናትዎን ጉልበት የሚያማቸው ከሆነ ታች ቡና እየጠጡ ይጠብቁዎት። ጉም ከሌለ ከላይ ቆላው ወለል ብሎ ይታያል። እኔ ጥቅምትን እመርጣለሁ፤ ክረምት ላይ አልመክርም። የአዳማን ሙቀት ለለመደ ሰው ብርዱ ይከብዳል፣ ጋቢ ይያዙ። ምሳ ሲመለሱ ደብረ ብርሃን ይድረስ።