ለመዝናኛ የሚሠራ ሰርጓጅ መርከብ በእርግጥ ይጠልቃል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በውጭ አገር የመዝናኛ ፓርኮች ሕዝብ የሚሳፈርባቸው ሰርጓጅ መርከቦች እንዳሉ፣ ታቅደው ሳይሠሩ የቀሩም እንዳሉ አንብቤአለሁ። መርከቦቹ በእርግጥ ይጠልቃሉ? ዕቅዶቹስ ለምን በወረቀት ላይ ቀሩ? በሐይቃችንስ ሊሠራ ይችላል?
(አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ በጣም የታወቁት አይጠልቁም። በካሊፎርኒያ ዲስኒላንድ እ.ኤ.አ. በ1959 የተከፈቱት መርከቦች እያንዳንዳቸው 38 ሰው ይይዙ ነበር፤ የመርከቡ አናት ሁልጊዜ ከውሃው በላይ ሲሆን፣ ተሳፋሪው ግን ከውሃው ወለል በታች ተቀምጦ በክብ መስኮት ያያል፤ መንገዱንም የሚመራው ከሥር የተዘረጋ ሐዲድ ነው። በመስኮቱ ፊት የአየር አረፋ ወደ ላይ ሲፈላ፣ ተሳፋሪው ራሱ ወደ ታች የሚወርድ ይመስለዋል። በአረፋ ብቻ የጥልቀት ስሜት መፍጠር መቻሉ፣ በእኔ ግምት፣ በዘርፉ ከታዩት ብልሃቶች ሁሉ የላቀ ነው።

ችግሩ ያለው ከውሃው ነው። በፍሎሪዳ ከ1971 እስከ 1994 የሠራው ተመሳሳይ ጉዞ 43 ሚሊዮን ሊትር ገደማ በሚይዝ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ የቆመ ነበር፤ ይህ ሁሉ ውሃ እንዲጠራ ዘወትር መጣራት አለበት፣ ሰው ሠራሽ ዓሣዎቹና ኮራሎቹም ቀለማቸው እየለቀቀ መታደስ ይፈልጋሉ። ጎብኚዎች በጠባብ ደረጃ አንድ በአንድ ስለሚወርዱ ወረፋው ይረዝማል፤ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ሰውም መግቢያው ከባድ ነው። ስለዚህ አዲስ ዕቅድ ሲቀርብ ሥዕሉ ቢማርክም ወጪው ያስፈራል። ካሊፎርኒያ ራሷ መርከቦቿን በ1998 አቁማ በ2007 ስትመልሳቸው የናፍጣውን ሞተር በኤሌክትሪክ ተክታለች።

ያልተገነባ ሐሳብ ግን ሁልጊዜ አይጠፋም። በፓሪስ በአንድ ግዙፍ ሰው ሠራሽ ተራራ ውስጥ ሊቀመጥ የታሰበው ናውቲለስ የተሰኘ ሰርጓጅ መርከብ፣ የተራራው ዕቅድ ሲያንስ ለብቻው ተሠርቶ በእግር የሚጎበኝ ሆነ። በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ወደብ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታስቦ የቀረው የባሕር ፓርክ ሐሳብም በ2001 ቶኪዮ ላይ ሌላ መልክ ይዞ ተከፈተ። እዚያ ያሉት ትንንሽ መርከቦች ውሃ አይነካቸውም፤ ከላይ ባለ ሐዲድ ተንጠልጥለው በደረቅ አዳራሽ ይጓዛሉ፣ ውሃውና አረፋው የሚታየውም በድርብ የመስኮት መስታወት መካከል ነው።

ሐዋሳን በተመለከተ፣ የሐይቁ ትልቁ ጥልቀት 20 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ጥልቀት እንቅፋት አይሆንም። እንቅፋቱ የውሃው ጥራት ነው፤ ሐይቁ መውጫ ወንዝ የሌለው በመሆኑ የገባው ደለልና ንጥረ ነገር እዚያው ይቀራል፣ አልጌውም እይታን ይጋርዳል። በመስኮት የሚታየው አረንጓዴ ድፍርስ ብቻ ይሆናል፤ የዓሣ አጥማጆች መረብና ጉማሬም መታሰብ አለባቸው። ስለዚህ ቶኪዮ የተከተለችውን ደረቅ ዘዴ እመርጣለሁ፤ ቆሮሶው፣ አምባዛውና ጉማሬው በሰው ሠራሽ መልክ የሚታዩበት አዳራሽ፣ ከሐይቁ ዳር ረግረግ ርቆና ፍሳሹ ወደ ውሃው እንዳይገባ ተደርጎ ቢሠራ፣ ሐይቁን ሳይነኩ ስለ ሐይቁ ማሳየት ይቻላል።