ጉሮሮው ቆሰለ ወይስ የምግብ ቧንቧው በገነ?

ከጎንደር፣ ከአዘዞ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «ልጄ እንጀራ ሲውጥ ደረቱ ላይ እየቆመበት ተቸገርን። ሐኪሙ ‹የምግብ ቧንቧ ብግነት ነው፤ አለርጂ ነው፤ ዘርም ድርሻ አለው› አሉን። ጎረቤቶቼ ‹ጉሮሮው ቆስሏል ማለት ነው› ይላሉ። እኔ ‹በገነ› ሲባል የማውቀው ሰው ሲናደድ ነው። የቱ ነው ትክክለኛው አማርኛ?»

እህቴ፣ የሐኪሙ አማርኛ ትክክል ነው። እርስዎ የሚያውቁት «በገነ»ም ያው ራሱ ነው። በገነ ማለት ነደደ፣ ተቃጠለ ነው። «አንጀቴ በገነ» የምንለው ንዴት ከውስጥ ስለሚያቃጥል ነው። የበገነ አካልም ይግላል፣ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያማል። ቁስል ሲቀላና ሲያብጥስ «ተቆጣ» አይደል የምንለው? ቋንቋችን ቁጣንና ብግነትን ድሮውንም አንድ ላይ አስቀምጧቸዋል። ስለዚህ ብግነትን የባዕድ ቃል አድርገው አይዩት።

«ቆሰለ» ግን ሌላ ነው። ቁስለት የሚባለው ሽፋኑ ሲላጥ ነው። ብግነት ቁስል ሳይኖርም ይኖራል።

«ጉሮሮ»ም ሰፊ ቃል ነው። ጉንፋን ሲይዘን የሚከረክረንም ጉሮሮ ነው። የምግብ ቧንቧ ከዚያ ተነሥቶ፣ በልብ ጀርባ አልፎ፣ ጨጓራ ድረስ ይወርዳል። በአዋቂ ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልጅዎ ምግቡ ደረቱ ላይ የሚቆምበት ለዚህ ነው።

ይህ ቧንቧ ከጨጓራ በሚወጣ አሲድም ይበግናል፤ ቃር የምንለው ያንን የማቃጠል ስሜት ነው። የአለርጂው መንገድ ሌላ ነው። ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በጤናማ የምግብ ቧንቧ ሽፋን ውስጥ አይገኙም። ይህ የአለርጂ ብግነት ባለበት ሰው ላይ ግን፣ ብዙ ጊዜ ወተት ወይም ስንዴ ሲቀሰቅሳቸው፣ መጥተው ይሰፍሩበታል።

አሁን «ዘር» ወደሚለው ልምጣ። ይህ ቃል ያሳስበኛል። «በዘራቸው አለ» የሚል ወሬ ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ሳይቀር ይነሣል፤ ቤተሰብ ያሳዝናል። «ዘረመል» (ጂን፣ ከወላጅ የሚወረስ የሰውነት መመሪያ) ቢባል እመርጣለሁ። ለምሳሌ ካልፔይን 14 የሚባለው ዘረመል በተለይ በምግብ ቧንቧ ሽፋን ላይ ይሠራል። የዚህ ዘረመል አንዳንድ ልዩነቶች ያሉበት ሰው ለዚህ ብግነት ይበልጥ ይጋለጣል። መጋለጥ ደግሞ መታመም አይደለም። እና «ከዘሩ ወረሰው» ሳይሆን «ተጋላጭ ነው» ማለት ይሻላል።

ለጎረቤቶችዎ «የምግብ ቧንቧው ተቆጥቶበት ነው» ይበሏቸው። ቡና ላይ ማንም ይገባዋል።