መልስ፦ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ላለበት ልጅ ቡና ይሰጣል ወይ?

እህቴ፣ የ7 ዓመት ልጅሽ ጠዋት አንድ ስኒ ቡና ቢጠጣ ክፍል ውስጥ ይረጋጋ እንደሆን ጠይቀሻል። ባትሰጪው ይሻላል። ለኤዲኤችዲ የሚታዘዘው መድኃኒት ሜቲልፌኒዴት በአንጎል ውስጥ ለትኩረት የሚረዳው ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር እንዲበረክት ያደርጋል፤ ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግን በዋናነት የሚያግደው እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኘውን አዴኖሲን ነው። በጥናትም ውጤቱ ከመድኃኒቱ ያነሰ ነው።

የካናዳ ጤና ሚኒስቴር ለልጆች ያስቀመጠው የካፌይን ጣሪያ በቀን በኪሎ 2.5 ሚሊግራም ነው፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 50 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ሻይና ኮካ ኮላም ይቆጠራሉ። የጀበና ቡና ደግሞ አቦሉና ቶናው እኩል ስላልሆነ ልኩን ማወቅ አይቻልም።

ትልቁ ጣጣ እንቅልፍ ነው፤ በደንብ ያልተኛ ልጅ በማግስቱ ይብሱኑ ይቅበጠበጣል። ሜቲልፌኒዴት የሚወስድ ከሆነማ ሁለቱ ተደራርበው የልብ ምቱን ያፈጥኑበታል። ቡና አስለምደሽው ከሆነ በአንዴ አትከልክዪው፣ ራስ ምታት ያመጣል፤ ቀስ በቀስ ቀንሺለት፣ ለሐኪሙም ንገሪ።